ጎንበስ ቀና

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ማታ አንድ ሰዓት ሲል፣
ጎተንበርግ ላይ ዝናብ እንደ ልማዱ ሲጥል፣
ማዮርና ሰፈር፣ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣
ጎረቤት በተራ ልብስ ከሚያጥብበት
በግድግዳ ከምትዋሰን ጠባብ ክፍል
አምስት ምንጣፍ እዘረጋለሁ።
ስድስተኛው የኔ ነው፤ ጠርዙ አይጥ የበላው ይመስላል።

መስኮቷ ከጣሪያው ሥር ናት፣ እኩል ከመንገዱ፤
በሷ የሚታየን ጫማ ነው፣ ሲመጡ ሲሄዱ።
የሚቸኩል ጫማ፣ የሚጎተት ጫማ፣
ተረከዙ ባንድ ወገን ያለቀ።
ከዚያ አውቃለሁ የማን ዳሌ እንደዘመመ፣
ማን ቦርሳውን ዕድሜ ልኩን በግራ እንደተሸከመ።

«ጎንበስ» እላቸዋለሁ። «ቀስ ብሎ፣ ከአናት ጀምሮ፣
አንድ አጥንት፣ አንድ አጥንት፣ እንደ መቁጠሪያ ተቆጥሮ።»
«ቀና» እላለሁ ደግሞ።
ስዊድንኛዬ ይሰበራል፤ ወገባቸው ግን ይሰማል።

ጎንበስ ቀና።
እኔ ሳውቀው ሌላ ነበር የዚህ ቃል ትርጉሙ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ባለ ሆቴል፣
በቀን አሥራ ስምንት አልጋ፣ አሥራ ስምንት ገንዳ፣
ፊቱን ለማላውቀው እንግዳ
ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ፣
አንሶላ ስዘረጋ፣ ትራስ ሳለብስ፣
አንጀቴን አስሬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣
እስካንዱ ማለዳ፣ ፎጣ እንደ ጨበጥኩ
«ወገቤን!» ብዬ እስክቀር፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ።

ወገቤን!
እኛ ዘንድ ይህ ቃል የእምቢታ ነው፣
አላደርገውም ያለች ሴት የምትወረውረው።
የዚያን ቀን ግን እምቢ ያለው
ራሱ ወገቤ ነው።

ፒላተስ ሲሉኝ ጲላጦስ ነበር የሰማሁ፤
እጁን የታጠበ ሰው ለወገቤ ምን ሊያደርግ ብዬ ሳቅሁ።
ኢንጌላ የምትባል፣ አንገቷ እንደ ሸምበቆ፣
ምንጣፍ ላይ አስተኝታ «ተንፍሺ» አለችኝ።
ያን ሁሉ ዓመት ታዲያ ምን ሳደርግ ነበር?
«እምብርትሽን ወደ ጀርባሽ ሳቢ።»
ይህንንማ አውቃለሁ፤
አንጀት ማሰር ከልጅነቴ የተካንኩበት ነው።
ያላስተማረኝ ሰው መፍታቱን ነበር።

ተአምር የለውም። ሐሙስ ሐሙስ ዛሬም ያመኛል።
ግን የድንች ከረጢት ይዤ አራት ፎቅ ስወጣ
ሦስተኛው ላይ ግድግዳ አልደገፍም።
ሦስት ቁጥር ትራም ሲዘገይ በሁለት እግሬ እቆማለሁ፤
ሌሊት ስገላበጥ አልነቃም።
ራሚን፣ አውቶቡስ ነጂው፣
አንገቱን አዙሮ ከኋላው የሚመጣውን ብስክሌት ያያል።
ጉንቮር በሰማንያ አንድ ዓመቷ
የላይኛው መደርደሪያ ላይ የረሳችውን ሲኒ አወረደች፤
«ውስጡ የሞተ ዝንብ ነበር» አለችን፣ ኮራ ብላ።

ቶርስተን ግን ምንም አይልም።
ሃያ ዓመት የመርከብ ሆድ ውስጥ ተጣጥፎ ብረት በይዷል፤
ፋብሪካው ከተዘጋ ዘመን የለውም፣
መጣጠፉ ግን ጀርባው ላይ ቀርቷል።
ክረምት ከበጋ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነው የሚጫማው።
ያስርለት የነበረው የሊሴሎት እጅ ነው፤
ሊሴሎት የለችም።
ይህን የነገረችኝ ጉንቮር ናት፣
ከማሽኑ አንሶላ ስታወጣ።
«እግርህን ንካ» ብዬው አላውቅም።
በጥቅምት ጉልበቱ ላይ ነበር ጣቱ፣
በጥር ቅልጥሙ ላይ።

ማርች ሊያልቅ ሲል አንድ ማክሰኞ ቀረ።
ጀመርን ያለሱ።
በጀርባችን ተኝተን፣ ከግድግዳው ወዲያ ማሽኑ ልብስ ሲጨምቅ፣
አንድ ጥንድ ጫማ መስኮቱ ላይ ቆመ።
ቡናማ። አዲስ። ባለ ማሰሪያ።
የግራው ቋጠሮ ልጅ እንዳሰረው ሁለት ጊዜ ተደራርቧል፤
የቀኙ ከአሁኑ ሊፈታ ይላል።
አልተንቀሳቀሰም።
ከዚያ ሽበቱ ወረደ፣
ከዚያ ግንባሩ፣ እየተቆጠረ፣ ሳይቸኩል፣
ከዚያ ተገልብጦ፣ ቀልቶ፣ ዝናብ እየተንጠባጠበበት
ፊቱ ከመስታወቱ ደረሰ።

«ተንፍስ» አልኩት።
እንደማይሰማኝ አውቃለሁ።
መስታወቱ ግን ጉም ለበሰ።